የእናቴን ስልክ ከማስታወቂያ እንዴት አጸዳሁት

እናቴ ስልኳን የምትፈልገው ለመደወል፣ በቴሌግራም የልጅ ልጆቿን ፎቶ ለማየትና በዩቲዩብ መዝሙር ለመስማት ነው። የምሞላላት የኢንተርኔት ጥቅል ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ስልኩን በከፈተች ቁጥር ደግሞ ማስታወቂያ ሙሉ ስክሪኑን ይሸፍነዋል። የመዝጊያዋ ምልክት ከማነሷ የተነሳ ለእሷ ዓይን አትታይም። ልዝጋው ስትል ሌላ ገጽ ይከፈትባታል።

«ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አስደርጊው» ብለዋት ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ምንጩን ማወቅ ፈለግኩ። ማስታወቂያው ሲመጣ ሳልዘጋው የተከፈቱ አፖችን የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫንኩ። ማስታወቂያውን ያመጣው አፕ ከነስሙ እዚያ ታየ። ሞባይል ቤት የጫኑላት የባትሪ መብራት አፕ ነው። ስልኩ የራሱ መብራት እያለው!

ሴቲንግ ገብቼ የተሰጠውን ፈቃድ አየሁ። ያለችበትን ቦታ ያያል፣ የስልክ ቁጥሮቿን ያነባል፣ በሌሎች አፖች ላይ ይታያል። ስክሪኑን የሚሸፍነው በዚህ በመጨረሻው ፈቃድ ነው። መብራት ለማብራት እናቴ የት እንዳለች ማወቅ ምን ያደርግለታል?

ጉዳዩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን «ብራይተስት ፍላሽላይት» በተባለ የመብራት አፕ ሠሪ ላይ ክስ አቅርቦ ነበር። አፑ ሰዎች ያሉበትን ቦታና የስልካቸውን መለያ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይልክ ነበር። ደግሞም መላክ የሚጀምረው ተጠቃሚው ገና «እስማማለሁ» ሳይል ነው።

ያንን አፕ አጠፋሁት። ከዚያ በዳታ ፍጆታ ዝርዝሩ ላይ ከላይ የተቀመጡትን አየሁ። የማታውቃቸው ጌሞችና «ስልክ አጽጂ» ነን የሚሉ አፖች ከጀርባ ሆነው ጥቅሉን ሲበሉ ኖረዋል። እነሱንም አነሳሁ። ለቀሩት አፖች ሁሉንም ፈቃድ ከለከልኩና አንድ በአንድ ከፍቼ ሞከርኳቸው። አብዛኞቹ ያለ ምንም ችግር ሠሩ። ቴሌግራም ድምፅ ለመቅዳት ማይክ ጠየቀ፤ ፈቀድኩለት። ከዚያ ወዲህ በራሴም ስልክ ላይ የምከተለው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ መከልከል፣ ሥራ ሲያቆም ብቻ መፍቀድ። ጎግል ሴቲንግ ውስጥ «ማስታወቂያዎች» በሚለው ስር ያለውን የማስታወቂያ መለያ ቁጥርም ሰረዝኩት። አፖች አንድን ሰው ለይተው የሚከታተሉበት አንዱ መንገድ ይኼ ቁጥር ነው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ መቀየሬ ነው። እናቴ እስከዛሬ «እስማማለሁ» የሚለውን ሰማያዊ ቁልፍ የምትጫነው ያ ካልሆነ ስልኩ ወደፊት ስለማይሄድላት ነው። አሁን አንድሮይድ ፈቃድ ሲጠይቅ በአማርኛ ይጠይቃታል፤ አንብባ «አይሆንም» ትላለች። የአፖቹ የራሳቸው ውል ግን አሁንም ረጅም እንግሊዝኛ ነው። የማታነበውን ጽሑፍ አቅርቦ «ተስማምታለች» ማለት ለእኔ ስምምነት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። ሕጉ እናቴ ስልክ ድረስ ሲደርስ ማየት እፈልጋለሁ።

ከባዱ ክርክር የተነሳው የደዋይን ስም በሚያሳየው አፕ ነው። እሷ ትወደዋለች። እኔ ደግሞ የእድሩን፣ የጎረቤቱን፣ የዘመዱን ሁሉ ቁጥር ማንበቡ አልተዋጠልኝም። «እማዬ፣ እነሱ ሳይፈቅዱ ቁጥራቸውን እየሰጠሽ ነው እኮ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያውስ አጥፋው፣ የሰው አደራ ነው» አለች። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል አሁን አታነሳም፤ የሚፈልጋት መልእክት ይልካል።

ያልተፈታው ከፋብሪካ ተጭነው የመጡት አፖች ናቸው። አንዳንዶቹን ማሰናከል ቻልኩ። ሌሎቹ ያ ቁልፍ የላቸውም፤ ኖቲፊኬሽናቸውንና ከጀርባ የሚወስዱትን ዳታ ብቻ ዘጋሁ። ቀጣዩን ስልክ ስገዛላት ሱቅ ውስጥ ካሜራውን ከማየቴ በፊት የአፖቹን ዝርዝር እከፍታለሁ። የማይጠፋ ጌም ካለበት አልገዛውም።