ከመለኪያው በፊት ክፍሉን ማየት

«ሰው ራሱን ስቷል፤ ቶሎ ድረሱልን!» ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች የሚመጣው ጥሪ ብዙውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። የሕንፃውን ቁጥር እንኳ በስንት ጥያቄ ነው የምናገኘው። ራስን መሳት ግን የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ደግሞ ታማሚው አጠገብ ያለው ነገር ነው። በአምቡላንስ ላይ የተግባር ልምምድ ከጀመርኩ ወዲህ ይበልጥ የደከምኩት በዚህ ላይ ስለሆነ፣ አብረን ሠልጥነን ወደ ሌሎች ጣቢያዎች ለተመደባችሁ ጓደኞቼ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የከሰል ጭስን ነው። በክረምት አንድ ሌሊት ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ተጠራን። እናትየዋ ራሷን ስታለች፤ ሁለቱ ልጆቿ ራሳቸውን ይዘው ያስመልሳሉ። ጎረቤቶቹ «ምግብ መርዟቸው ነው» አሉን። አብራኝ የነበረችው ነባር ባለሙያ ደፍ ላይ ቆም ብላ ጥግ ያለውን ማንደጃና በጨርቅ የተወተፈውን መስኮት አየች። የደም ግፊት አልለካችም፤ መዝጊያውን ወለል አድርጋ ከፍታ ሦስቱንም ወደ ውጭ አስወጣቻቸው። እኛም ብንቆይ ኖሮ ያው ጭስ ይጥለን ነበር። «አስቀድመህ የራስህን ደኅንነት ጠብቅ» የሚለው ትምህርት በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል።

ውጭ ላይ በእናትየዋ ጣት የቆነጠጥነው የኦክሲጅን መለኪያ 97 በመቶ፣ የጤነኛ ሰው ቁጥር፣ አሳየ። «ይህን ቁጥር እንዳታምነው» አለችኝ ነባሯ ባለሙያ። ምክንያቱን ሁላችሁም ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ። ከከሰል ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ሄሞግሎቢን ላይ፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክሲጅን በሚሸከመው ንጥረ ነገር ላይ፣ ይጣበቃል። መለኪያው በብርሃን የሚሠራ በመሆኑ ኦክሲጅን የተሸከመውን ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተሸከመው መለየት አይችልም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ቆጥሮ ያማረ ቁጥር ያወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ከረጢት ባለው ማስክ ኦክሲጅን በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር እንሰጣለን። ተራ አየር የሚተነፍስ ሰው በደሙ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ንጹሕ ኦክሲጅን ሲያገኝ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ጋዙ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ «ከቤቱ ሌላ የታመመ ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም መሣሪያ የበለጠ ይነግረናል። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ «ደኅና ነኝ» ብትልም ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ ጽንሱ ከእርሷ ይልቅ ይጎዳልና።

የደም ስኳር ማነስ ሌላው ጉዳይ ነው። ታክሲ ተራ ላይ የወደቀ ሰው ካለ ከበው የቆሙት ሰዎች «ሰክሮ ነው» ይላሉ። ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ሰውነቱ ቀዝቅዟል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፤ አንዳንዴም አንድ ጎኑ ዝሎ ስትሮክ ይመስላል። ንቃቱ የተዛባ ማንኛውም ሰው ስኳሩ ይለካ። ውጤቱ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። መዋጥ ካልቻለ ግን ጠብታ እንኳ በአፉ አይግባ፤ ግሉኮሱ በደም ሥር ይሰጠዋል። በጾም ወቅት ኢንሱሊናቸውን ወስደው እህል ሳይቀምሱ የሚውሉ አዛውንቶች ስላሉ፣ «አባባ፣ ዛሬ እህል ቀምሰዋል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይገባል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ቤት ስንደርስ ብዙ ጊዜ ክብሪት ተለኩሶ አፍንጫው ሥር ተይዞ እናገኛለን። ይህን የሚያደርጉት በፍቅርና በጭንቀት ነው፤ ስለዚህ ቁጣ አይገባም። ባልደረባዬ የምትለውን ወድጄዋለሁ፦ «እማማ፣ ክብሪቱን ለእኔ ይስጡኝ፤ እርስዎ ሰዓቱን ይያዙልኝ።» እናትየዋ ሥራ ታገኛለች፤ እኛም ከሁሉ የሚያስፈልገንን መረጃ እናገኛለን፤ ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ መንቀጥቀጥ መድኃኒት የሚሻ ከባድ ድንገተኛ ነውና። ልጁን አጥብቆ መያዝም ሆነ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት ይጎዳዋል። የሚያጋጨውን ዕቃ ማራቅና መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት ይበቃል።

በአቃቂ ወንዝ ዳር የአትክልት ማሳዎች ስላሉ የፀረ ተባይ መርዝንም መጠርጠር አለብን። የዓይን ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ምራቅና ላብ ከበዛ፣ ደረቱ ውስጥ ፈሳሽ ከተንኮረኮረ፣ ጓንት አጥልቀን ልብሱን እናወልቅና ገላውን በሳሙናና በውኃ እናጥባለን። ወተት መጋትና ማስመለስ አይረዳም። ቤተሰብ በሐፍረት ጠርሙሱን ሊደብቅ ይችላል፤ ያለ ወቀሳ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መጠየቅና ጠርሙሱን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ አትሮፒን የተባለው ማርከሻ መድኃኒት የሚያስፈልገው መርዝ መሆኑን ቶሎ የሚያውቀው በዚያ ነው።

ለጎረቤቶቻችሁም 907 የቀይ መስቀል፣ 939 ደግሞ የእሳትና አደጋ ስልክ መሆኑን ንገሩልኝ፤ አንድ ሰውም አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ይቀበለን።

አሁን የምለማመደው የርክክቡን ንግግር ነው። ተረኛዋ ነርስ ማንደጃውን አላየችም፤ ስንት ሰው እንደታመመ፣ መንቀጥቀጡ መቼ እንደጀመረ፣ ስኳሩ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ ስንት እንደነበረ ከእኛ በቀር የሚነግራት የለም። እኔ ሰዓቶቹን በሰፊ ፕላስተር ላይ እየጻፍኩ ሱሪዬ ላይ እለጥፋለሁ፤ በጉዞ ላይ ወረቀት ይጠፋል፣ ይረጥባልም። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።