ርክክብ ላይ ያልነገርኩት

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ለሆስፒታሎች ዕቃ በሚያቀርብ መጋዘን ነው። የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እገባለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት እወጣለሁ። ስወጣ ሥራውን የማስረክበው ለአንድ ሰው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ተወልደው ያደጉ፣ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ ሁሉም በስማቸው ይጠራቸዋል። እኔም አፌ ላይ እንደዚያው ነኝ። በሆዴ ግን ጋሼ ነው የምላቸው። እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሁሉ በላይ ርክክብን። እኛ ጋ ክትባትና ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል አለ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ሙቀቱ ከዚያ ከወጣ፣ መቼ እንደወጣና ስንት ደቂቃ እንደቆየ የሚረከበው ሰው ማወቅ አለበት። ካላወቀ የተበላሸ መድኃኒት ሰው ጋ ሊደርስ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁትን ስዘረዝርላቸው ትንሽ ሰሙኝና አስቆሙኝ። «የሠራኸውን መዝገቡ ላይ አነበዋለሁ። አንተ መጥፎውን አስቀድም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ርክክባችን እንደዚያ ሆነ። መጀመሪያ የጮኸ አላርም፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የጎደለ ሣጥን። ከዚያ ፊርማ። «አላርም አልነበረም» ካልኳቸው ክፍሉን ሄደው አያዩም። ብዕራቸውን አውጥተው ይፈርማሉ።

በ2023 የካቲት ገደማ የመጋዘኑ ሰዎች በየዓመቱ የሚጫወቱት የፋንታሲ ቤዝቦል ሊግ (እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠህ፣ ሜዳ ላይ በሚሠሩት የምትወዳደርበት ጨዋታ) አንድ ሰው ጎደለው። አሥር ሰው ነው የሚፈልገው። ዘጠኝ ቀሩ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «ግባ፣ እኔ አስተምርሃለሁ» አሉ። 20 ዶላር ከፍዬ ገባሁ።

ፋንታሲን አዲስ አበባ እያለሁ አውቀዋለሁ፤ የፕሪሚየር ሊጉን። 100 ሚሊዮን ፓውንድ በጀት፣ 15 ተጫዋች፣ አንድ ካፒቴን። ሠፈራችን ውስጥ ስንት ወንድማማች በሳምንቱ መጨረሻ የተኳረፈበት ጨዋታ ነው። ቤዝቦሉም ያው ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አንደኛ ነገር፣ ይሄ የሳምንት ሳይሆን የየቀን ሥራ ነው። 30 ቡድን አለ፤ እያንዳንዱ በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ይጫወታል። አንድ ቀን ከረሳኸው፣ እረፍት ላይ ያለ ተጫዋች አሰልፈህ፣ የሚጫወተውን ተጠባባቂ ላይ አስቀምጠህ ታድራለህ።

ነጥቡም ሌላ ነው። የእኛ ሊግ በአሥር መለኪያ ነው የሚቆጠረው። አምስቱ ለመቺዎች ናቸው፤ ሆምራን (ከሜዳው ውጭ የተመታ ኳስ)፣ የተሰረቀ ቤዝ (ኳሱ ሳይመታ ሯጩ ሮጦ የያዘው ቀጣይ ማረፊያ)፣ የመምታት አማካይ፣ ራሱ ገብቶ ያስቆጠረው፣ መትቶ ሌላ ሰው ያስገባበት። አምስቱ ለወርዋሪዎች ናቸው። በእያንዳንዱ መለኪያ አንደኛ የወጣ 10 ነጥብ፣ የመጨረሻው 1 ነጥብ ያገኛል። ይህን አቆጣጠር በ1980 የጀመሩት ዳንኤል ኦክረንት የሚባል ጸሐፊና ጓደኞቹ ናቸው። ይሰበሰቡበት በነበረው የኒው ዮርክ ምግብ ቤት ስም ሮቲሰሪ ተባለ። እስካሁንም ስሙ ያው ነው።

ለዚህ ታሪክ ግን ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። በፕሪሚየር ሊጉ ፋንታሲ ሃላንድን እኔም ልይዘው እችላለሁ፣ ጎረቤቴም፣ አለቃዬም። በቤዝቦሉ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። የምትፈልገውን ተጫዋች ባልደረባህ ከያዘው፣ ሄደህ መደራደር ግድ ነው። አንተ ያተረፍከው ከማን እንደጎደለ ታውቀዋለህ። ነገ ጠዋት ቡና ማሽኑ ጋ ታገኘዋለህ።

ተጫዋች የምንመርጥበት ቀን ማርች 19 ነበር። በምሳ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሁሉም ስልኩን ይዞ። ተራዬ ሲደርስ የኒው ዮርክ ሜትሱን ኤድዊን ዲያዝን ልጠራ ነበር። ባለፈው ዓመት መዝገብ ላይ ጨዋታ ከሚዘጉት ወርዋሪዎች ሁሉ የላቀ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። ክንዴን ነካ አድርገው ቀስ ብለው «እሱን ተው። ባለፈው ረቡዕ ጉልበቱ ተበጥሷል» አሉኝ። እውነት ነው። በአገሮች ውድድር፣ በዓለም ቤዝቦል ክላሲክ፣ ፖርቶ ሪኮ ዶሚኒካን ሪፐብሊክን ስታሸንፍ፣ ሜዳ ላይ እየዘለለ ሲጨፍር ነው የተጎዳው። ዓመቱን ሙሉ አይጫወትም። እኔ አልሰማሁም ነበር። ጋሼም ተፎካካሪዬ ናቸው። ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም።

በዲያዝ ፈንታ የያዝኩት ጄኮብ ዲግሮምን ነው። የ2018 እና የ2019 የሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ) ሽልማት አሸናፊ። ቴክሳስ ሬንጀርስ በ185 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት አስፈርሞታል። «ጤና ካለው ከእሱ የሚበልጥ የለም። ጤናው ግን…» አሉና ጋሼ እጃቸውን አወዛወዙ። ከዚያ «እኔ ደግሞ የቴክሳስ ተጫዋች አልይዝም» አሉ።

ለምን አልኳቸው። ዋሽንግተን ድሮ ሴናተርስ የሚባል ቡድን ነበራት። በ1971 ባለቤቱ ወደ ቴክሳስ ሊወስደው ወሰነ። የመጨረሻው ጨዋታ ሴፕቴምበር 30 ነበር፣ ከያንኪስ ጋር። ጋሼ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከአባታቸው ጋር ስታዲየም ነበሩ። ሴናተርስ 7 ለ 5 እየመራ፣ ሊያልቅ አንድ ሰው ማውጣት ብቻ ሲቀር፣ ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው። ሣሩን ነቀለ፣ ቤዙን ይዞ ሄደ። ጨዋታው ለያንኪስ ተፈረደ። ቡድኑ በሚቀጥለው ዓመት ቴክሳስ ሬንጀርስ ሆነ። ከተማዋ እስከ 2005 ቡድን አልነበራትም። «አባቴ ቡድን ሳያዩ ሞቱ» አሉኝ። ይህን የነገሩኝ ፎርክሊፍት ላይ እንደተቀመጡ ነው። እኔ ቆሜ ሰማሁ። አገር ጥዬ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ቡድን ተነቅሎ ሲሄድ ምን እንደሚመስል የገባኝ መሰለኝ።

ኤፕሪል አለፈ። ዲግሮም በስድስት ጨዋታ ከ30 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ 45 መቺ በስትራይክ ብቻ አስወጣልኝ። እኔ ግን የተሰረቀ ቤዝ ላይ የመጨረሻ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ሕጉ ተቀይሯል። ቤዙ ከ15 ኢንች ወደ 18 ኢንች ሰፍቷል፣ ወርዋሪው ወደ ቤዙ እየወረወረ ሯጩን የሚያስፈራራበት ጊዜም ተገድቧል። ሁሉም ይሮጥ ጀመር። ዓመቱ ሲያልቅ የተሰረቀው ቤዝ ከ2,486 ወደ 3,503 ደርሶ ነበር። ፈጣን ሯጭ ያስፈልገኛል። በጣም የምመኘው የአሪዞናውን ጀማሪ ኮርቢን ካሮልን ነበር። የያዙት ጋሼ ናቸው።

ኤፕሪል 28፣ አርብ ማታ። ወደ ሥራ በአውቶቡስ እየሄድኩ ስልኬን ከፈትኩ። ዲግሮም በአራተኛው ኢኒንግ ከሜዳ ወጥቷል። ክንዱ ተኮማትሮ ይዞታል ይላል። ለወርዋሪ ይህ ምን ያህል ክፉ ምልክት እንደሆነ በዚያ አንድ ወር ውስጥ አውቄያለሁ። ጋሼ ደግሞ በጊዜ ነው የሚተኙት፤ ንጋት 10 ሰዓት ይነሳሉ። ይህንንም አውቃለሁ።

የልውውጥ ጥያቄ ላክሁላቸው። ዲግሮም ለእርስዎ፣ ካሮል ለእኔ።

ሌሊቱን ሥራ ላይ ስለሱ ብዙ አላሰብኩም። ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የቀዝቃዛው ክፍል በር በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ አላርም ጮኸ። ዘጋሁት፣ ሙቀቱን መዘገብኩ፣ ስድስት ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት ጋሼ መጡ። መጥፎውን አስቀደምኩ። የበሩን ነገር፣ ስድስቱን ደቂቃ፣ ሁሉንም። ፈረሙ። ከዚያ ፈገግ ብለው «ጥያቄህን ስነሳ አየሁት። ተቀብያለሁ። በሕይወቴ የቴክሳስ ተጫዋች ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ከአንተ ስለመጣ ነው» አሉኝ።

እዚያ ቦታ ላይ መናገር እችል ነበር። ፊት ለፊቴ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ትናንት ማታ ተጎድቷል።» አላልኩም። «መልካም ቀን» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ረፋዱ ላይ በሊጉ የጋራ መልእክት ላይ አንዱ ስለ ዲግሮም ዜናውን ለጠፈ። ሌላው ጨመረበት፤ አዲሱ ልጅ ሽማግሌውን ሸወደ ብሎ። ሁሉም ሳቀ። ጋሼ ምንም አልጻፉም።

በሚቀጥለው ርክክብ እንደ ሁልጊዜው ጀመርኩ። አላርም የለም፣ የተሰበረ የለም፣ የጎደለ የለም። ጋሼ መዝገቡን ተቀበሉኝ። አልፈረሙም። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሄዱ። የግድግዳውን ቴርሞሜትር አዩ፣ በሩን ገፋ አድርገው ሞከሩ፣ የሌሊቱን ግራፍ አወጡ። ተመልሰው መጥተው ፈረሙ። አልተቆጡም። ሰላምታቸውም ያው ነው። በማግስቱም እንደዚያው አደረጉ። በሦስተኛውም ቀን።

ይሄ ነው የጎዳኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጨዋታ ሌላ፣ ሥራ ሌላ ብዬ ነበር የማስበው። ሊጉ ሕግ አለው፣ ዜናው ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሳያይ ተቀበል ያለው ሰው የለም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን ጋሼ የሚያውቁት አንድ እኔን ብቻ ነው። እየጠቀመኝ ሲመጣ ዝም ማለት እንደምችል አይተዋል። ነገ ደግሞ አላርም ጮኾ፣ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ፣ ዝም አልልም ያለው ማን ነው?

በሦስተኛው ቀን ሳልወጣ ጠበቅኳቸው። የማውቀው ከመላኬ በፊት እንደነበረ ነገርኳቸው። አውቶቡስ ላይ እንዳየሁ፣ ተኝተው እንደሆነ እንዳሰብኩ፣ ጠዋት ሊነግሯቸው የሚገባ ቃል አፌ ላይ እንደነበረ። ልውውጡ እንዲሰረዝ ሊጉን ለምታስተዳድረው ልጅ እጠይቃለሁ አልኩ።

«አይሰረዝም። እኔ ተቀብያለሁ፣ ጣቴ ነው የተጫነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው «አውቶቡስ ላይ ማየትህን አላውቅም ነበር። እሱን ስለነገርከኝ ጥሩ» አሉ። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ሊያዩ ሄዱ።

ጁን 6 ዲግሮም የክርን ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው፣ ዓመቱም እንዳለቀበት ተነገረ። ካሮል ለእኔ ሮጠ። በመጨረሻ 25 ሆምራንና 54 የተሰረቀ ቤዝ ይዞ የናሽናል ሊግ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። እኔ ሁለተኛ ወጣሁ። ጋሼ ዘጠነኛ።

በዚያ ክረምት ተጫዋች ለመለዋወጥ ስጠይቅ በመልእክቴ ላይ የማውቀውን ጉዳት አስቀድሜ እጽፍ ነበር። አንዳንዱ ይገርመዋል። ሁለት ልውውጥ አመለጠኝ። ርክክብ ላይ ደግሞ ሳይጠይቁኝ ግራፉን አውጥቼ እጠብቃቸው ጀመር። በኦገስት አንድ ቀን ወረቀቱን አጥፈው ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱ። ምንም አልተባባልንም።

ሴፕቴምበር 22 ፈረቃዬን ቀይሬ ጋሼን ናሽናልስ ፓርክ ጋበዝኳቸው። ከአትላንታ ጋር ነበር። ሮናልድ አኩኛ ገና ጨዋታው ሲጀመር 40ኛ ሆምራኑን መታ። በአንድ ዓመት 40 ሆምራንና 40 የተሰረቀ ቤዝ ያሟላ አምስተኛው ሰው ሆነ። የእንግዳ ቡድን ተጫዋች ነው፤ ጋሼ ግን ተነስተው አጨበጨቡ። «ሶሪያኖ በ2006 እዚሁ ከተማ ነው ያደረገው፤ ያኔ የእኛ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ስለ አባታቸው ሲያወሩ አመሹ። ከየትኛው በር ይገቡ እንደነበር፣ ምን ይገዙላቸው እንደነበር።

ኖቬምበር 1 ማታ የቤዝቦሉ ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስ፣ አለቀ። ቴክሳስ አሪዞናን በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ውጤቱን ሥራ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ሌሊቱን በሙሉ ስለ ጋሼ አሰብኩ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ መጡ። መዝገቡን ልሰጣቸው ስል እጃቸውን አነሱ።

«ዛሬ መጥፎውን እኔ ላስቀድም» አሉ። «ቴክሳስ ወሰደው።»

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አልኩ፤ ጋሼ የሚለው በአማርኛ ነው ያመለጠኝ። «በዚህ በኩል ምንም የለም። አላርም አልጮኸም።»

ብዕራቸውን አውጥተው እዚያው እንደቆሙ ፈረሙ።