ጾም ይዤ ሴለም

ማታ የአሜሪካዋ የኦሪገን ግዛት ዋና ከተማ ሴለም ገብቼ ሞቴል ስይዝ የተነገረኝ ዋጋ 79 ዶላር ነበር። ጠዋት ቁልፉን ስመልስ ደረሰኙ 104 ይላል። ልጁ ምንም አልተከራከረኝም፤ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣና በጣቱ አሳየኝ። ማታ በዝናብ በስብሼ ስገባ ሳላነብ የፈረምኩበት ነው። የማረፊያ ግብር አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ።

«መኪና የለኝም እኮ» አልኩት።

«ፈርመሃል።»

ፖርትላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሲኮራብኝ ነበር የከረመው፤ ኦሪገን የሽያጭ ታክስ የላትም፣ የተለጠፈውን ዋጋ ከፍለህ መውጣት ነው እያለ። አልዋሸም፤ 60 ዶላር የተባለውን ጫማ በ60 ገዝቻለሁ። አልጋም እንደ ጫማ መስሎኝ ነው የተሸወድኩት።

እንቅልፍ ቢኖረው ኖሮ ገንዘቡ ባላንገበገበኝ። ባቡር የሚያልፈው በከተማዋ መሃል ነው፤ መንገድ ባቋረጠ ቁጥር ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ይጮኻል። አምስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። የሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሲለቀቅ ለጥ ብዬ የምተኛ ሰው ነኝ፤ የሰው አገር ጩኸት ግን አልለመደኝም።

ለምን ሄድክ ለምትሉኝ፣ 28 ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ። ስለ ምርጫ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ኦሪገን ድረስ መጥቼ የ1908ቱን (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ጉድ ሳላይ ብመለስ ይቆጨኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ «ሴለም ከመንግሥት ሠራተኛ በቀር ምን አለ?» ብሎኛል። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጣ። ስለ 75 ኪሎ ሜትሩ መንገድ የምለው የለኝም፤ ዝናብ ነበር።

ጠዋት ግን አባራ። የግዛቲቱ ምክር ቤት ፊት ለፊት ያሉት የቼሪ ዛፎች አብበው አገሩን ሮዝ አድርገውታል፤ ሰው ሁሉ ከሥራቸው ፎቶ ይነሳል። ሕንፃው አናት ላይ ምሳር የያዘ፣ በወርቅ የተለበጠ ጢማም ሰውዬ ቆሟል፤ መንገድ ከፍቶ የመጣው ሰፋሪ መሆኑ ነው። ሕንፃው ራሱ በ1938 ያለቀ ሦስተኛው ነው። እኔ የምፈልገው ሁለተኛው በ1935 ተቃጥሏል። የተረፈው ሣር ላይ የተጋደመ የዓምድ ስብርባሪ ነው፤ በቁሙ የተቦረቦረው ሽንትር ውስጥ የዝናብ ውሃ ተኝቶ፣ የቼሪ ቅጠል ተንሳፍፎበት አየሁ። እጄን ብሰደው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ።

ያ ሕንፃ ያየው ነገር እንዲህ ነው። ያኔ ዋሽንግተን ላለው የአገሪቱ ሴኔት ሴኔተሮችን የሚመርጠው ሕዝቡ አልነበረም፤ የየግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ስለዚህ ለሴለም ምክር ቤት ሰው ስትመርጥ ሳታውቀው ሴኔተር ሻጭ ትመርጣለህ ማለት ነው። ሽያጩም ደርቶ ነበር። በ1897 የሴኔተር ሽኩቻው ከመክረሩ የተነሳ የታችኛው ምክር ቤት መደራጀት እንኳ አቅቶት፣ 40 ቀን ሙሉ አንድ ሕግ ሳያወጣ ተበተነ። ጆናታን ቦርን የሚባል ባለ ገንዘብ አባላቱ ወደ ስብሰባ እንዳይገቡ ሲያበላቸውና ሲያጠጣቸው ከርሟል። በዚያ ሴራ ውስጥ እጁ የነበረበት አንዱ አባል ዊሊያም ዩሬን ነው፤ ቀድሞ ቀጥቃጭ ነበር፣ በኋላ ጠበቃ ሆኗል። (እኛ ጋ ቢሆን ቀጥቃጭ ሕግ ሊያወጣ ቀርቶ ጎረቤት ቡና አይጠራውም ነበር።) ነገሩን ከውስጥ ስላየው ይሆናል፣ ሕዝቡ ራሱ ሕግ አመንጭቶ ድምፅ እንዲሰጥበት የሚያስችለውን ማሻሻያ ዋና ሆኖ የገፋው እሱ ነው። በ1902 በ62,024 ድምፅ ለ5,668 አለፈ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው መንገድ የፓርቲዎች እጩ በመራጩ ድምፅ የሚለይበት የቅድመ ምርጫ ሕግ ወጣ፤ እኔን ሴለም ያመጣኝ እሱ ነው። ለምክር ቤቱ የሚወዳደር ሁሉ ከሁለት ቃሎች አንዱን መፈረም ይችላል። ቁጥር አንድ፦ የራሴ ፍላጎት ምንም ይሁን ምን፣ ሕዝቡ ብዙ ድምፅ የሰጠውን ሰው ሴኔተር አድርጌ እመርጣለሁ። ቁጥር ሁለት፦ የሕዝቡን ድምፅ እንደ ምክር አየዋለሁ፣ ካልመሰለኝም እተወዋለሁ። ሁለተኛውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። የ1923ቱ (በእኛ አቆጣጠር) ሕገ መንግሥታችን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይምረጡለት ይል የለ? የኛ ሰዎች ቁጥር ሁለትን መፈረም እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ሰኔ 1908 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። በእኛ ግንቦት 1900 መሆኑ ነው፤ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ከሾሙ ገና ሰባት ወራቸው። ለምክር ቤቱ የተመረጡት አብዛኞቹ ሪፐብሊካን ናቸው። በሴኔተሩ ድምፅ ግን ዴሞክራቱ አገረ ገዥ ጆርጅ ቻምበርሌን ሪፐብሊካኑን ኤች. ኤም. ኬክን በለጠው። ከ90ው የምክር ቤት አባላት ከግማሽ በላዩ ቁጥር አንድን ፈርሟል። ፓርቲያቸው ወተወታቸው፤ በጥር 1909 ግን እዚያ ሣር ላይ የተጋደመው ዓምድ በቆመበት ቤት ተሰብስበው የጠላታቸውን ፓርቲ ሰው መረጡ። ፈርመው ነበራ! አንዳንዶቹ እንደኔ ሳያነቡ ፈርመው ይሆን እያልኩ አሰብኩ።

ሕዝቡ ስል ግን የትኛው ሕዝብ? በዚያው ሰኔ የሴቶች የመምረጥ መብት ለአራተኛ ጊዜ ወደቀ፤ እስከ 1912 አላለፈም። የመጀመሪያዋ ሴት፣ ማሪያን ታውን፣ ለታችኛው ምክር ቤት የተመረጠችው በ1914 ነው። ጥቁር ወደ ግዛቲቱ እንዳይገባ የሚለው አንቀጽም ሥራ ላይ ባይውልም ከሕገ መንግሥቱ ሳይፋቅ እስከ 1926 ቆይቷል። እኔ ደግሞ እዚያው ከተማ ላልያዝኩት መኪና ማቆሚያ ከፍያለሁ።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከሕንፃው አጠገብ ባለው የግዛቲቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ የራሰ ኮቴን ሲያይ ምንም ሳይጠይቀኝ ተቀብሎ ማሞቂያው አጠገብ ወንበር ላይ ዘረጋልኝ፤ አንዱ እጅጌ ሲደርቅ እየተነሳ ያገላብጠዋል። ስለ ሞቴሉ የነበረኝ ንዴት እዚያው ከኮቱ ጋር ደረቀ። ቀጥሎ ለመራጮች ይታደል የነበረውን የ1908 ጥራዝ አመጣልኝ። ደጋፊም ተቃዋሚም የየራሱን ክርክር ያሳተመበት ነው። ቀኑን የበላብኝ ግን ሴኔተሩ ሳይሆን ዓሣው ነው።

በኮሎምቢያ ወንዝ ሁለት ዓይነት የሳልመን አጥማጆች ነበሩ። ከታች፣ ወደ ባሕሩ፣ መረብ የሚዘረጉት፤ ከላይ ደግሞ ውሃው የሚያዞረው ትልቅ መንኮራኩር ዓሣውን እየዛቀ የሚያወጣላቸው። ሁለቱም ዓሣውን የጨረስከው አንተ ነህ ይባባላሉ። የላዮቹ የታቾቹን መረብ የሚያስር ሕግ አመነጩ፤ የታቾቹ የላዮቹን መንኮራኩር የሚያግድ ሕግ አመነጩ። ሕዝቡ ሁለቱን አነበበ፣ የሁለቱም ክርክር ልክ መሰለው መሰለኝ፣ ሁለቱንም አጸደቀ! ያን ቀን በጣም የተጠቀመው ዓሣው ነው። ሽማግሌው ስስቅ ሰምቶ መጣ፤ ገጹን አሳየሁት፣ እሱም ሳቀ።

ምሳ ላይ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ምን አላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። አስተናጋጇ ጥቂት አሰበችና «ሳልመን አለ» አለችኝ። ዐቢይ ጾም ነው። የተጠበሰ ድንች በልቼ ወጣሁ።

ማታ ፖርትላንድ ስደርስ የአክስቴ ልጅ ሽሮ አሙቆ ጠበቀኝ።

«እሺ፣ ምን አየህ?»

«ዓሣ።»

«በልተህ እንዳይሆን በጾም!»

አልበላሁም አልኩት። ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና፣ እናቷ ዓሣ በጾም ይበሉ እንደነበር፣ ምን ኃጢአት እንዳለው ጠየቀች። እሱ መጽሐፍ ጠቀሰ። እሷም ጠቀሰች። እኔን ፍረድ አሉኝ። እንጀራዬን እያጠቀስኩ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አልኳቸውና ሁለቱም ተቆጡኝ።