ለገና ጎጃም ከመግባታችን በፊት

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የምንገባ ሰዎች ሻንጣ ስንሞላ ጫማውን፣ የስኳር መለኪያውን፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን አንረሳም። የምንነሣው ግን ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ እዚህ አሜሪካ ኢንፍሉዌንዛ በሚበረታበት ሰሞን ነው። ሌሊቱን አውሮፕላን ውስጥ ተጨናንቀን አድረን፣ ደርሰን የሰማንያ ዓመት እናት አንገት ላይ እንጠመጠማለን። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እሠራለሁ። ኢንፍሉዌንዛ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ትናንት ቡናቸውን ጠጥተው ሲጫወቱ የነበሩ እናት ድንገት ትኩሳት ያነድዳቸዋል፣ አጥንታቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ ከአልጋ መውረድ ያቅታቸዋል። ወደ ሳንባ ከወረደ ደግሞ ሆስፒታል ነው። ወጣት በሳምንት ይነሣል፤ እሳቸው ላይነሡ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ290,000 እስከ 650,000 ሰው ኢንፍሉዌንዛ በሚያመጣው የመተንፈሻ ሕመም እንደሚሞት ይገምታል።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ዓመት ለገና ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ሲፈላ፣ ከመምጣቴ በፊት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተከትቤ እንደነበር አነሣሁ።

«ለጉንፋን ደግሞ መርፌ?» አለች እናቴ። «ዳማከሴው፣ ፌጦው፣ ነጭ ሽንኩርቱ በማር፣ ይህ ሁሉ አንሶ ነው ልጄ?»

እኔ ዳማከሴን አልንቅም። ዛሬም ሲያመኝ የምመኘው እሷ ጨምቃ የምታጠጣኝን ነው። ግን እሱ የታመመን ያስታግስ እንደሆን እንጂ እኔ ይዤው የመጣሁት ቫይረስ ወደ እሷ እንዳይሻገር አያግድም። ክፋቱ፣ ሕመሙ ለራሳችን ሳይሰማን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከእኛ ወደ ሌላው መተላለፍ ይጀምራል። ደኅና ነኝ ብሎ የሚስም ሰው ነው የሚያስተላልፈው።

ቶሎ የገባቸው አጎቴ ናቸው። «እንደ ኅዳር በሽታው ነው የምትይው?» አሉኝ። አዎ፣ እሱው ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያረገፈው፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው በሽታ ዓለምን ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ሲታጠን የምንለውም ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው። በዚያን ጊዜ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚባል አልነበረም።

«ታዲያ አንዴ ተወግቶ መገላገል ነዋ!» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰለቸው። ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ የካቲት አካባቢ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ለሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚቀጥለው ክትባት ምን ምን ይያዝ የሚለውን ይመክራል። የአምናው ለዘንድሮ አይበቃም፤ የሰውነት መከላከያም እየደከመ ይሄዳል።

ሁሉን ያስቀራል አልልም። ከሚዞረው ቫይረስ ጋር በደንብ በገጠመበት ዓመት ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ሕመምን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል፤ የተከተበ ሰው ቢያመውም ለሆስፒታል የመዳረጉ ነገር ይቀንሳል። «ክትባቱ ራሱ አሳመመኝ» የሚሉ የአገሬን ሰዎች እሰማለሁ። መርፌው በሽታ ማምጣት የሚችል ሕያው ቫይረስ የለበትም። ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ሰውነት ሊከብድ ይችላል፣ ያልፋል።

አገራችን ውስጥ በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ኢንፍሉዌንዛ አልተካተተም። ስለዚህ የእናቶቻችን መከላከያ በአብዛኛው እኛው፣ የምንሄደው ነን። መርፌው ለመሥራት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ የበረራው ዋዜማ ፋርማሲ መሮጥ ጥቅሙ ትንሽ ነው። መስቀል እንዳለፈ፣ በጥቅምት መከተብ ይሻላል። እየተጓዛችሁ ትኩሳት ከጀመራችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አዛውንት ያሉበት ቤት ከመግባታችሁ በፊት እስኪለቃችሁ ሌላ ቦታ እረፉ። እናት ትቀየም ይሆናል፤ ትቀየም።

ወላጆቻችሁን ወደዚህ የምታመጡም በመስከረምና በጥቅምት ካመጣችኋቸው እንደገቡ አስከትቧቸው። ዕድሜያቸው 65 ከሞላ ለአረጋውያን ተብሎ የተዘጋጀ፣ ጠንከር ያለ ክትባት ስላለ ፋርማሲስቱን እሱን ጠይቁት። ኢንሹራንስ ከሌላቸው መጀመሪያ የካውንቲው ጤና ቢሮ ዘንድ ደውሉ፤ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከትቡ ቦታዎችን ይነግሯችኋል።