ከአስትሮሳይት ኒውሮን መስራት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ጓዶች፣ ሰሞኑን ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነው፣ አዋቂ አእምሮ ውስጥ ያለ አስትሮሳይት (ኒውሮኖችን የሚደግፍ ሴል) እውነት ወደ ኒውሮን (መልእክት የሚያስተላልፍ የነርቭ ሴል) ይቀየራል ወይ? ስትሮክ ወይ ፓርኪንሰን የገደለው ኒውሮን አይተካም፣ አስትሮሳይቱ ግን ጉዳቱ አጠገብ በህይወት አለ፣ እዛው ቀይረን ብንጠቀምበትስ ነው ሀሳቡ።

የጀመርኩት ከማግዳሌና ጎትዝ የ2002 ስራ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያደጉ አስትሮሳይቶች ላይ ፓክስ6 የሚባል ጂን ሲጨመር ኒውሮን ተገኘ። በ2014 አሜሪካ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረው የጎንግ ቼን ቡድን ኒውሮዲ1 በሚባል ጂን ይህንኑ እዛው አይጥ አእምሮ ውስጥ አሳየ። 2020 ላይ ደግሞ ፒቲቢፒ1 የሚባለውን ጂን ብቻ በመቀነስ ፓርኪንሰን የተደረገበት አይጥ እንቅስቃሴው ተስተካከለ ተባለና ጉዳዩ ጦዘ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን የቹን ሊ ዣንግ ቡድን የ2021 ስራ ነው። በተለመደው መንገድ ጂኑን አስትሮሳይት ውስጥ ብቻ ይሰራል በሚባል ጂኤፍኤፒ ፕሮሞተር (ጂኑ የት ሴል ውስጥ እንደሚሰራ የሚወስን የዲኤንኤ ክፍል)፣ ሴሉን ከሚያበራ ቀለም ጋር፣ ኤኤቪ በሚባል ጂን ተሸካሚ ቫይረስ ይልኩትና ቀለም ያለው ኒውሮን ሲያዩ ተቀየረ ይላሉ። ችግሩ ኤኤቪ ኒውሮንም ውስጥ ይገባል፣ ፕሮሞተሩም ኒውሮዲ1 ሲገጠምለት እዛም መስራት ይጀምራል፣ ስለዚህ ድሮም ኒውሮን የነበረው ሴል ቀለሙን ይዞ አዲስ ይመስላል። እነሱ ቫይረሱን ከመስጠታቸው በፊት አስትሮሳይቶቹን ታሞክሲፈን በሚባል መድሀኒት ቋሚ ምልክት አደረጉባቸውና ያ ምልክት ያለው ኒውሮን ፈለጉ፣ አላገኙም። ፒቲቢፒ1ም እንደዛው። በጣም ነው የወደድኩት፣ ምክንያቱም ዣንግ ራሱ በዚሁ መስክ ለአመታት የለፋ ሰው ነው። (የቼን የ2014 ስራ የተጠቀመው ሬትሮቫይረስ ነው፣ እሱ የሚገባው የሚከፋፈል ሴል ውስጥ ስለሆነ አንድ ላይ መፍረድ አይገባም።)

አሁን ማንኛውንም ፔፐር ሳነብ ደብተሬ ላይ ሁለት ቀለም ነው የምስለው፣ አረንጓዴ ሴሉ ቀድሞ ምን እንደነበር፣ ቀይ ቫይረሱ የት እንደገባ፣ አረንጓዴው ከሌለ ውጤቱን በእንጥልጥል እተወዋለሁ።

ተስፋ ግን አልቆረጥኩም! ዜብራፊሽ የሚባለው አሳ ሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የአይኑ ክፍል) ሲጎዳ ሙለር ግሊያ ከሚባሉት ደጋፊ ሴሎቹ ኒውሮን ይሰራል። የቶም ሬህ ቡድንም በ2017 አዋቂ አይጥ ላይ አስክል1 የሚባል ጂንና አንድ ተጨማሪ መድሀኒት ተጠቅሞ አሳክቶታል፣ ሴሎቹም ቀድመው ምልክት ተደርጎባቸው ነበር። ቀጥሎ የማነበው እሱን ነው፣ የሲንግል ሴል አርኤንኤ ግራፎች (በእያንዳንዱ ሴል የትኞቹ ጂኖች እንደሚሰሩ የሚያሳዩትን) ማንበብ የሚችል ካለ አብረን ብናየው ደስ ይለኛል።