የእናቴ ሰዓትና የባሪ መርከብ

እማዬ ልጅ እያለች ፒያሳ አካባቢ ጎረቤታቸው የነበሩ አንዲት ግሪካዊት ስለ ቲኖስ ማርያም አጫውተዋት ነበር። የግሪክ ደሴት ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ስለት ያለበት ሰው ከወደቡ ጀምሮ በጉልበቱ እየዳኸ ይወጣል። ይሄ ወሬ ዕድሜዋን ሙሉ ከልቧ አልወጣም። እኔ ወዳለሁበት ፍራንክፈርት ደውላ፣ "ዓይኔ ሳይደክም ቲኖስን ብታሳዪኝ" አለችኝ። በዚያው ምሽት ካርታ ከፍቼ ቁጭ አልኩ።

ምኞቴ ሰፍቶ መጀመሪያ ያወጣሁት ዕቅድ አራት አገር ነበረው። ከባርሴሎና በመርከብ ሮም አጠገብ ወዳለችው ቺቪታቬኪያ፣ ከሮም በባቡር ወደ ወደብ ከተማዋ ባሪ፣ ከባሪ በሌሊት መርከብ አልባኒያ፣ ከዚያ በአውቶብስ ወደ ግሪክ። ካርታው ላይ ሲያዩት ያምራል። የባርሴሎናው መርከብ ብቻውን 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የእማዬን ጉልበት ሳስበው ስፔንን ሰረዝኩ።

አልባኒያን የሰረዘው ቪዛው ነው። እማዬ የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለሆነ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። የተሰጠው ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ደግሞ፣ ከሸንገን ክልል አንዴ ከወጡ መመለስ የለም። አልባኒያ ሸንገን ውስጥ አይደለችም። መርከቡ ዱረስ ወደብ በገባ ዕለት የእማዬ ቪዛ አለቀ ማለት ነው። ቲኖስ ቀረ ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ ይሄን ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ስለሚጎዳ ረጋ ብዬ ልናገር። የሸንገን ማመልከቻ የሚገባው ብዙ ሌሊት ለሚታደርበት አገር ነው። ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገባበት። ቀጠሮ ቶሎ ስለተገኘ ብቻ ወደ አንዱ ኤምባሲ መሮጥ አያዋጣም። ስለዚህ ከትኬት በፊት ሌሊት ቆጠርኩ። ጣሊያን 4፣ መርከብ ላይ 1፣ ግሪክ 8። ማመልከቻው አዲስ አበባ ላለው የግሪክ ኤምባሲ ሆነ፤ በሮም መግባቷ ችግር የለውም። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የጉዞውን መስመር ከነቀኑ በአንድ ወረቀት ጽፌ ላኩላት። እሷ ፕላስቲክ አልብሳ ከፓስፖርቷ ጋር አሰረችው። ሮም ስትደርስ የፓስፖርት ሠራተኛው በግሪክ ቪዛ ለምን ጣሊያን ገባሽ ሲላት፣ ምንም ሳትናገር ወረቀቱን ዘረጋችለት። አንብቦ ማህተሙን መታ።

ቀኑን መምረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የእኛ ክረምት እዚያ በጋ ነው። ኦገስት 15 ጣሊያን ውስጥ ፌራጎስቶ የሚሉት የበጋ በዓል ነው፤ አገር በሙሉ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ባቡር ይሞላል፣ ሱቅ ይዘጋል። በግሪክም ያው ቀን የእመቤታችን በዓል ነው። ቲኖስ በሰው ትጥለቀለቃለች፤ የመርከቡም የማደሪያውም ቦታ ቀድሞ ያልቃል። እኔ ተስፋ ልቆርጥ ስል እማዬ በስልክ፣ "የእኛ ፍልሰታ እኮ ነሐሴ 16 ነው" አለችኝ። ነሐሴ 16 በእነሱ ኦገስት 22 ነው። ድፍን አንድ ሳምንት ይለያያል። የእነሱ ሕዝብ ከተበተነ በኋላ፣ በእኛ በዓል ቀን እንደርሳለን። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ በዚያ ቀን ዙሪያ ተሰካ።

ከሁሉ በፊት የባሕሩን ትኬት ቆረጥኩ፤ ከባሪ ወደ ግሪኳ ፓትራስ፣ አቴና አጠገብ ካለችው ራፊና ወደ ቲኖስ። ባቡርና አውቶብስ ቢያመልጥ ሌላ አለ። የሌሊት መርከብ ግን ካመለጠ እስከ ነገ ማታ ወደብ ላይ መቀመጥ ነው። ከቲኖስ በኋላ ደግሞ እማዬ ከአቴና እስክትበር ድረስ ሦስት ሌሊት ባዶ ተውኩ። ጓደኞቼ ምነው አንድ ደሴት አትጨምሪም ብለውኝ ነበር። አልጨመርኩም።

ሮም ላይ ፌራጎስቶ ሲመጣ የትም አልሄድንም። በማለዳ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት ወደነበረው ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወሰድኳት። በ1937 ተወስዶ በ2005 ነው የተመለሰው (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች ነው)። ባዶውን ቦታ ቆማ አየችና፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባዶ ነው" አለች። በማግሥቱ ከቴርሚኒ ጣቢያ ባሪ የሚሄደውን ፈጣን ባቡር ያዝን። አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መስኮት አጠገብ ቦታ ያዙ፤ ከባርሌታ በኋላ ከወይራው ዛፍ ጀርባ አልፎ አልፎ ባሕሩ ብቅ ይላል።

ባሪ የቅዱስ ኒቆላዎስ ከተማ ናት። የባሪ መርከበኞች አፅሙን ዛሬ ቱርክ ውስጥ ካለችው ሚራ ያመጡት በ1087 ነው። ምድር ቤት ያለው መቃብር ዘንድ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። እኔ ጉልበቷን እያሰብኩ ነበር። ማታ የመርከብ ደረጃ ይጠብቀናል።

እዚህ ላይ የሰዓቷ ነገር መጣ። እማዬ ሰዓቷን ከአዲስ አበባ አልቀየረችም። ትኬቱ ላይ 19:30 ይላል፤ የእሷ ሰዓት 2:30 ነው። ሁለት ሰዓት ቀደም ብለን ወደቡ ደርሰን የመሳፈሪያ ወረቀት ያዝን። የሚገባው በመኪና መግቢያው ነው። የከባድ መኪናዎቹ ሞተር ይጮኻል፣ ወለሉ ዘይት ዘይት ይሸታል፣ አንዱ ሠራተኛ በእጁ እየጠቆመ ያሳልፋችኋል። እማዬ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነበር። ላይ ስንደርስ ግን ምንጣፍ፣ ካፌ፣ ሁለት አልጋ ያለው ትንሽ ካቢን። ከእናት ጋር ከሆናችሁ ካቢን ላይ አትቆጥቡ። ወጣቶች መርከቡ አናት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ተኝተው ነበር፤ ብቻዬን ብሆን እኔም እዚያው እተኛ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ኢጉሜኒጻ የሚባል የግሪክ ወደብ ላይ ቆመን ከባድ መኪናዎች ወረዱ። ግሪክ ከጣሊያን አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልኬን አየሁ፣ 6:00። የእማዬን ሰዓት አየሁ፣ ልክ 12። የግሪክ በጋና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ ልዩነቱ የአቆጣጠር ብቻ ነው። "አየሽ፣ ሰዓቴ አልተሳሳተም" ብላ በጣም ደስ አላት። ከዚያ ወዲያ ሰዓት የምጠይቀው እሷን ሆነ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ፓትራስ ወረድን። የሐዋርያው እንድርያስ ራስ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ከሮም የተመለሰው በ1964 ነው። ማታ ምግብ ቤት ገብተን "ኒስቲሲሞ" አልኩ፤ የጾም ማለት ነው። አስተናጋጁ ደስ ብሎት የተጠበሰ ኦክቶፐስ አመጣ። ለእነሱ ደም ስለሌለው በጾም ይበላል። እማዬ ሳህኑን አይታ ዝም አለች። አስረዳሁት፤ ይቅርታ ብሎ ወስዶ በምትኩ ፋቫ አመጣ። ቢጫ ክክ ተፈጭቶ፣ ላዩ ላይ ቀይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት። አንዴ በዳቦ ጠቅሳ፣ "ይሄማ የእኛው ክክ ነው" አለች። እስከ ነሐሴ 15 ድረስ የበላነው ፋቫ፣ በቲማቲም የበሰለ ትልልቅ ባቄላና ሩዝ የተሞላ ቃሪያ ነው።

ባቡር ፓትራስ ድረስ ስለማይመጣ ወደ አቴና በአውቶብስ ሄድን። መንገዱ ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ በ1893 የተከፈተውን የቆሮንቶስ ቦይ ይሻገራል። ከአቴና ራፊና ደግሞ የአንድ ሰዓት አውቶብስ ነው። ፒሬየስ ትልቁ ወደብ ቢሆንም ለቲኖስ የሚቀርበው ራፊና ነው።

ራፊና ስንደርስ ነፋስ። መልቴሚ ይሉታል፤ በኦገስት ከሰሜን ይነሳል። ፈጣኖቹ መርከቦች ታግደው ታስረዋል። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ስልክ የሚደውለው ሰው ብዛት! እኔ ትኬት ስቆርጥ አስቤበት የያዝኩት ትልቁንና ቀርፋፋውን መርከብ ነበር። ፈጣኑ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ይሄኛው አራት። አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ተነሳ። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ መንገዱን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። መርከቡ ጎን ለጎን ሲናጥ ውሃው መስኮቱን ይመታ ነበር።

ነሐሴ 16 ጠዋት። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። በአንድ ጎን ለሚድኹት ምንጣፍ ተነጥፏል። በዚያን ሰዓት የምትድኸው አንዲት ወጣት ብቻ ነበረች፤ ባሏ ሕፃን አቅፎ አጠገቧ ቀስ እያለ ይራመዳል። እማዬ መዳኽ አልቻለችም። ጎንበስ ብላ ምንጣፉን በእጇ ዳሰሰችና እጇን ሳመች። ከዚያ ክንዴን ይዛ በእግሯ ወጣች፤ ሰባት ጊዜ አርፈናል። በ1823 ከመሬት ተቆፍሮ የተገኘው ሥዕል በወርቅና በዕንቁ ተሸፍኗል፤ ከጣሪያው የብር ጀልባዎች ተንጠልጥለዋል። የጎረቤታቸውን የግሪካዊቷን ስም ጠርታ ሻማ አበራችላቸው።

ስንወርድ ወደቡ ዳር ተቀምጠን በደሴቲቱ አይብና በዓሣ ፈሰክን። ነፋሱ የገበታውን ጨርቅ ያነሳል። "መርከባችን ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ። "ነገ ነው እማዬ" አልኳት። ሰዓቷን ከእጇ ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።