በወጣህበት ማርሽ ውረድ

ጋሼ ፍራንክፈርት የመጡት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ጎንደር ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው። ምን ላሳያቸው ብዬ ተጨንቄ ነበር። ፎቆቹን አሳየኋቸው፤ «እሺ» አሉ። ማይን ወንዝ ዳር ወሰድኳቸው፤ «እሺ» አሉ። የፍጥነት ገደብ የሌለበት አውቶባን የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ስወጣማ ይደነቃሉ ብዬ በ170 ለቀቅኩት። ዞር ብዬ ሳይ ተኝተዋል።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉኝ ሲነቁ። «መንገዱ ምንም አይጠይቅህም። ዝም ብሎ ይወስድሃል።»

ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ «ለምን አልፕስ ይዘናቸው አንሄድም?» አልኳት። እሷም የሥራ ዕረፍት ነበራት። ዘጠኝ ቀን ያዝን። በኦስትሪያ የግሮስግሎክነርን መንገድ ወጥተን፣ በጣልያን ዶሎሚቲ ተራሮችን አቋርጠን፣ ስቴልቪዮን ጨርሰን በስዊዘርላንድ ዞረን መመለስ። ወሩ ነሐሴ ነበር። ለፎቶ ጥሩ ወር ነው፤ ለመንዳት ግን አይመከርም። መላው አውሮፓ ዕረፍት ላይ ስለሆነ ሞተር ሳይክሉም፣ ካራቫኑም፣ ብስክሌቱም እዚያው ነው። ሁለተኛ ብሄድ ሰኔ መጨረሻ ወይም መስከረም ነው የምሄደው።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ገና ከቤት ሳንወጣ ነው። ጎግል ማፕ ላይ «አውራ ጎዳና አስወግድ» የምትለውን ምርጫ ለጉዞው ሁሉ ነካኋት። ውብ መንገድ ፈልገን የለ? ውጤቱ፦ በየመንደሩ የትራፊክ መብራት፣ ከፊታችን ትራክተር፣ ከትራክተሩ ኋላ እኛ። ምሳ ሰዓት ላይ ገና ዉርዝቡርግ ነበርን። 120 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። ምርጫዋን አጠፋኋትና እስከ ተራራው ሥር በአውቶባን ነዳን። ከዚያ ወዲያ መንገድ የምመርጠው በሌላ ዘዴ ነው። ማለፍ የምፈልጋቸውን የተራራ በሮች አንድ በአንድ እንደ ማረፊያ ካርታው ላይ እተክላለሁ፤ አሰልቺውን ክፍል አውቶባኑ ይጨርስልኛል።

ዝግጅቱ ብዙ አይደለም። ኦስትሪያ አውቶባን ከመግባትህ በፊት ቪኜት የሚሉትን ክፍያ መፈጸም አለብህ። የስዊዘርላንዱ 40 ፍራንክ ነው፤ ለአንድ ቀን ብትፈልገውም የዓመቱን ነው የምትገዛው። አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ሦስት ማዕዘን ምልክትና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን መኪና ውስጥ ይኑሩ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቤት አይተዉም። ድንበር የለም ሲባል እንሰማለን እንጂ፣ ስንመለስ ጀርመን መግቢያ ላይ አስቁመው አይተውናል። ስንቁን የያዙት ጋሼ ናቸው። ፍልሰታ ስለነበር ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ፌስታል ሽሮ።

ግሮስግሎክነር መግቢያው ላይ የደረስነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው። ይሄን ግን አጥብቄ እመክራለሁ። ክፍያው ለመኪና ከ40 ዩሮ በላይ ስለሆነ ሰው ቅር ይለዋል። ግን 48 ኪሎ ሜትር መንገድና 36 ኩርባ በማለዳ ለብቻህ ሲለቀቅልህ ገንዘቡ አይቆጭህም። ሦስት ሰዓት ሲሆን የሞተር ሳይክሉ ሰልፍ ይጀምራል።

ጋሼ እዚህ አልተኙም። ጋቢና ቀጥ ብለው ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያዩታል። ኤዴልቫይስ ሽፒትሰ የሚባለው 2,571 ሜትር ላይ ያለ መመልከቻ ወጣን። ፊት ለፊት ተራራ በተራራ ላይ ነው። ዋናው ግሮስግሎክነር 3,798 ሜትር እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ራስ ዳሽንስ?»

«4,500 ያልፋል።»

«እንግዲህ» አሉና ዝም አሉ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ተራራውን እንደ ታናሽ ወንድም ነው ያዩት።

መንገዱ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1935 መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። «ጣልያን እኛ ላይ ሊነሳ ሁለት ወር ሲቀረው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሊማሊሞን ጣልያን የቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ደግሞ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ያንን መንገድ በፊያት ኤንትሬ ስንት ጊዜ እንደወረዱት አይቆጥሩትም።

ወደ ፓስተርሰ የበረዶ ግግርም ገባ ብለን አየን። በኦስትሪያ ረጅሙ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1963 ሰውን ወደ በረዶው የሚያወርድ ባቡር ተሠርቶ ነበር። አሁን በረዶው ከጣቢያው በታች ርቆ ሸሽቷል፤ የቀረው ግራጫ ድንጋይና ውሃ ነው። ባለቤቴ ፎቶ ማንሳቷን ትታ ቆማ አየችው።

ዶሎሚቲ ላይ ነው ትምህርቱ የመጣው። ከኮርቲና እስከ ቦልዛኖ ያለው አሮጌው የተራራ መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። እኔ በዕቅዴ ሦስት ሰዓት ሰጥቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ፈጀ። እዚያ በአማካይ በሰዓት ከ40 በላይ አትሄድም፤ በዚያ ላይ በየኪሎ ሜትሩ መቆም ያምርሃል። አሁን ለተራራ ቀን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ አላቅድም።

ፋልዛሬጎ የሚባለው 2,105 ሜትር ላይ ያለ በር ሳንደርስ ባለቤቴ ፊቷ ነጣ። ኋላ መቀመጫ ላይ ኩርባ ያዞራል። ስልክ እያየች ስለነበር ባሰባት። ጋሼ ሳይጠየቁ ወረዱ። «ነይ ልጄ፣ ጋቢናው ላንቺ ይገባል» አሉ። እሺ ማለቷ አልቀረም፤ ፊት ተቀምጣ መንገዱን ስታይ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቀለሟ ተመለሰ። ለጋሼ ጋቢናን መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

ፖርዶይ 2,239 ሜትር ነው። ወጣን፣ ሻይ ጠጣን (ጋሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም)፣ ከዚያ ወደ ካናዜይ መውረድ ጀመርን። ቁልቁለቱ ኩርባ በኩርባ ነው። መኪናዬ ኦቶማቲክ ነው። እኔ ደግሞ ዲ ላይ አድርጌ ፍሬን እየረገጥኩ፣ እየለቀቅኩ፣ እየረገጥኩ። ግማሽ ላይ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ። የፊት መኪና ነው ብዬ መስኮት ዘጋሁ።

ከኋላ የጋሼ ድምፅ መጣ። «ያንተ ነው።»

«ምኑ?»

«ፍሬንህ ነው የሚሸተው። አሁን ዳር ያዝ።»

በሚቀጥለው ኩርባ ስረግጥ ፔዳሉ ከወትሮው ወደ ታች ሄደ። ያን ስሜት እግሬ እስከዛሬ አልረሳውም። ያዘ፣ ግን ዘግይቶ ያዘ። ሰፋ ያለ ማቆሚያ አግኝቼ ወጣሁ። ከፊት ጎማዎች ስስ ጭስ ይወጣል። እኔ ገና ቀበቶዬን ስፈታ ጋሼ ወርደው ድንጋይ ይዘው ነበር። ከፊት ጎማው ሥር ታኮ አደረጉ። በዘመናዊ መኪና፣ አስፋልት ላይ፣ ታኮ! ከዚያ ውሃ የያዘውን ጠርሙስ ከእጄ ቀሙኝ። «እንዳታፈስበት። በግለቱ ላይ ውሃ ካፈሰስክ ዲስኩ ይጣመማል። ንፋስ ይምታው።»

ግማሽ ሰዓት ቆምን። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሊማሊሞን አወሩልኝ። ናፍታ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥተው፣ የሚለቁ ሹፌሮች ነበሩ። ቁልቁለቱ ራሱ ይወስዳል፣ ሞተር ምን ያደርጋል ብለው። ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። «እኛ ሕጋችን አንድ ናት። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። በሁለተኛ ከወጣህ በሁለተኛ ውረድ። መኪናውን የሚይዘው ማርሽ ነው፤ ፍሬን ለመጨረሻው ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦቶማቲክ ነው። ማርሽ የለውም።»

«ማርሽ የሌለው መኪና የለም። ፈልገው።»

ፈለግኩት። አራት ዓመት ስነዳው የኖርኩት መኪና ማርሽ መምረጫው ጎን የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለው። ወደዚያ ሲገፋ በእጅ ማርሽ መቀነስ ይቻላል። አላውቅም ነበር። ጀርመን መንጃ ፈቃድ ለማግኘት የጽሑፍም የተግባርም ፈተና እንደ አዲስ ተፈትኛለሁ፤ የኢትዮጵያው ፈቃድ ከስድስት ወር በላይ አያስነዳም። ፈተናው ውስጥም ስለ ቁልቁለት ጥያቄ ነበር። መልሱን አውቄ ነው ያለፍኩት። የራሴ መኪና ላይ የት እንዳለ ግን አላየሁም።

ይሄን ስናወራ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ካራቫኑን አጠገባችን አቆመ። ጭሱን አይቶ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፤ አልገባውም። በጀርመንኛ ቀጠልኩ፤ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ተነሱና ጎማውን እያመለከቱ «ፍሬን» አሉ። ሰውየው ፊቱ በራ። «ፍሬኖ! ሲ፣ ሲ!» ጋሼ ቀጠሉ። «ማርሽ። ሰኮንዳ ማርሽ።» ሰውየው እጁን አጨበጨበ። ጋሼ እኔን እያመለከቱ፣ «እሱ በፎሌ» አሉ። ውሸት ነው፣ በፎሌ አልነዳሁም። ሰውየው ግን ከት ብሎ ሳቀ። በኋላ እንደገባኝ «ፎሌ» በጣልያንኛ ማርሽ ያልገባበት ማለት ብቻ ሳይሆን እብድ ማለትም ነው። ከዚያማ ሁለቱ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን እየተባባሉ የካራቫኑን ኮፈን ከፈቱ። እኔና ባለቤቴ ቆመን አየን። ጋሼ ያለ ትርጉም ያወሩት ብቸኛው አውሮፓዊ እሱ ነው።

የቀረውን በሁለተኛ ወረድን። ሞተሩ ይጮሃል፣ እንጂ ፍሬን የነካሁት ኩርባዎቹ አፍ ላይ ብቻ ነው።

ማታ ላይ አንዲት የጣልያን ከተማ ገብተን ማደሪያ ፈለግን። ጂፒኤሱ በጠባብ የድንጋይ መንገድ አሮጌው ከተማ ውስጥ አስገባን። ደክሞኝ ስለነበር ዝም ብዬ ተከተልኩት። ማንም አላስቆመንም።

ስቴልቪዮ። 2,757 ሜትር። የኦስትሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 ያሠራው መንገድ ነው፤ ያኔ ሚላኖ የኦስትሪያ ነበረች። በፕራድ በኩል 48 ኩርባ አለው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበታል። ታች 48 ይልና እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ በኩል መውጣት እንጂ መውረድ አይመከርም፤ ስትወጣ ግድግዳው ከፊትህ ተዘርግቶ የሚመጣብህን መኪና ከሩቅ ታየዋለህ። ጋሼ ጋቢናቸውን መልሰው አግኝተዋል፤ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠራሉ። «ሠላሳ አንድ። ሠላሳ። ቆይ፣ አውቶቡስ!» አውቶቡስ ኩርባውን ሙሉ ይዞ ነው የሚዞረው። ከኩርባው በፊት ቆመህ ማሳለፍ ነው ያለብህ፤ አፍንጫህን ካስገባህ ወይ አንተ ወይ እሱ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ከኋላህ የአገሩ ሰው ሲከማችብህም ዳር ይዘህ ልቀቀው። እሱ ሥራ ነው የሚሄደው።

ጫፉ ላይ ቋሊማ የሚጠብሱ አሉ። ሽታው አይጣል ነው። እኔ «መንገደኛ እኮ ይፈቀድለታል» ብዬ ወደዚያ አዘነበልኩ። ጋሼ ቆሏቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «መንገደኛማ እኔም ነኝ» አሉ። ቋሊማው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ባለቤቴ ግን በሰላም በላች።

ከዚያ በኡምብራይል በር በኩል ስዊዘርላንድ ወረድን። በሁለተኛ ማርሽ። ሙስታየር የሚባል መንደር ውስጥ ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት የተሳሉ የግድግዳ ሥዕሎች ያሉበት ገዳም አለ። ጋሼ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ጠባቂዋ ግድ የለም አለቻቸው። እሳቸው ግን አወለቁ። ከፎቅም ከወንዝም ያላገኘሁትን አስተያየት እዚያ አገኘሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። የቀረው የስዊዘርላንድ መንገድ ውብ ነው፣ ውድ ነው፣ ሥርዓት አለው፤ ሌላ ምን ልበል።

ጋሼ መስከረም ላይ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። የካቲት ላይ ከጣልያን አንድ ፖስታ መጣልኝ። ያቺ ማደሪያ ስንፈልግ የገባንባት አሮጌ ከተማ መኪና የተከለከለችበት ክልል ነበረች። መግቢያው ላይ ካሜራ አለ። ሰው አያስቆምህም፣ ደብዳቤው ግን ከወራት በኋላም ቢሆን ይደርስሃል። ከ100 ዩሮ በላይ። ከተማ ዳር አቁሞ በእግር መግባት ነበር።

ደወልኩላቸው፣ ለሳቅ ብዬ።

«መግቢያው ላይ ነጭ ሆና ዙሪያዋ ቀይ ክብ የሆነች ምልክት ነበረች አይደል?» አሉ።

«አይተዋት ነበር?»

«አየኋት እንጂ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያኔ እኮ ኋላ ነበርኩ» አሉ። «ጋቢና ብሆን እነግርህ ነበር።»